ወተት የገባበት ቦምቦሊኖ

ባለፈው ረቡዕ ከመካኒሳ ወደ ፉሪ በታክሲ እየሄድኩ፣ ሐና ማርያምን አልፈን ጥቂት እንደተጓዝን፣ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ፎቅ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሎ አየሁ። መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ሮዝ ዶናት፣ ከጎኑ አረፋው የሞላ የቡና ኩባያ፣ ከሥራቸው «በቅርቡ እንከፍታለን!» የሚል ጽሑፍ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም አድርጋ «አየሽ? ሐዋሳና ጅማም ሊከፍቱ ነው አሉ፤ ክልል ሁሉ ሊገቡ ነው!» አለቻት። ፊቷ በደስታ በርቷል። የኔ ልብ ግን ድንግጥ አለ። የሚጣፍጥ ነገር ሥዕል አይቶ የሚፈራ ሰው በአዲስ አበባ ውስጥ ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ትዝታ ለማውራት ገና ነሽ የሚሉኝ አሉ። ቢሆንም ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ሳልናገር አራት ዓመት ይዤዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ መጻፍ እንደምችል ስላወቅሁ እጄ አላርፍ ብሏል።

እናቴ ከወላይታ ሶዶ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ እኔ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ። መካኒሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ታክሲዎች የሚዞሩበት ቦታ ላይ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታ ጠዋት ጠዋት ቦምቦሊኖና ሻይ ትሸጣለች። ከኋላ ያለችው ክፍል ደግሞ ቤታችን ናት። የሰፈሩ ሰው ስሟን አይጠራም፤ «የጸጋ እናት» ነው የሚላት። ጸጋ እኔ ነኝ።

እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ረቡዕና ዓርብ አንጾምም። የእናቴ ደንበኞች ግን አብዛኞቹ ኦርቶዶክሶች ናቸው። ስለዚህ የእናቴ ቦምቦሊኖ ዓመቱን ሙሉ የጾም ነው፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ውኃ፣ በቃ። የሊጡን ሳፋ ለሌላ ነገር አታስነካም። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ወተት የጠጣሁበትን ኩባያ እዚያ ውስጥ ብጨምረው፣ ሳፋውን በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ አጥባው እንኳን ልቧ አልረጋ ብሎ ሌላ ገዛች። «ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ከእጄ የሚበላው» ትላለች። ያኔ ትርጉሙ አልገባኝም፤ እንዲያው የምትኩራራ ይመስለኝ ነበር።

ያ የባነሩ ዶናት ቤት በኛ ሰፈር የተከፈተው ከአራት ዓመት በፊት፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ከኛ በር ሆኖ መስታወቱ ይታያል። መብራት ሲጠፋ እኛ ሻማ ስንፈልግ እነሱ ጄኔሬተራቸውን አስነስተው ቦግ ይላሉ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ረቡዕም ዓርብም እንደ ልብ ይበላል። ከዚያ በፊት ደጃችን ላይ ቆመው ሻይ ሲጠጡ የነበሩ ሰዎች፣ አሁን ክዳን ያለው የወረቀት ኩባያ ይዘው በፊታችን ሲያልፉ አንገታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። እሱ ነው የከፋኝ። ቢያዩንና ቢስቁብን ይሻል ነበር።

የተረፈውን ቦምቦሊኖ ምሳም እራትም አደረግነው። እናቴ አታማርርም፤ ዝም ብላ ከወትሮው ያነሰ ዱቄት ትነፋለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአክስቴ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ክረምቱን እናየዋለን፤ ካልሆነ ልጅቷን ይዤ ወደ ሶዶ እመለሳለሁ» አለች። ሶዶን የማውቀው በገና ብቻ ነው። ትምህርት ቤቴ፣ ጓደኞቼ፣ የመዘምራን ልምምዴ ሁሉ እዚህ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ መስታወት በዓይኔ እየመጣ ምግብ አልወርድልኝ ይል ጀመር።

በዚያው ሰሞን አንዲት የክፍሌ ልጅ ከዚያ ቤት የተገዛ ዶናት ግማሹን ሰጠችኝ። መጥፎ እንዲሆን እየጸለይኩ ነከስኩት። ጣፈጠኝ። እንደ ጥጥ ለስልሶ አፌ ውስጥ ሟሟ። ያስፈራኝም መጣፈጡ ነው። «ምንድነው እንዲህ የሚያለሰልሰው?» አልኳት። «እንቁላልና ወተት ነዋ! ዩቲዩብ ላይ ሞልቶልሻል» አለችኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰኔ ገብቷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እናቴ ወደ እህቶች ጸሎት ልትሄድ ጃንጥላዋን እያነሳች «ሊጡን አንቺ አቡኪው፤ በደንብ እሺው እንጂ እንዳትለግሚ» ብላኝ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ ከሱቅ ያመጣሁትን የላስቲክ ወተት ከቦርሳዬ አወጣሁ። በውኃው ፈንታ ወተቱን አፈሰስኩ፤ ሁለት እንቁላልም ሰበርኩበት። ጠዋት ሰው ሁሉ ሲያደንቅ «እኔ ነኝ!» ልል ነው ሐሳቤ። እናቴ ስታቅፈኝ ሁሉ ይታየኝ ነበር።

ሃምሳው በእሑዱ ጰራቅሊጦስ ማለቁን፣ የማግስቱ ረቡዕ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያው የጾም ረቡዕ መሆኑን አላሰብኩም። በቤታችን የሚቆጥረው ማን አለ?

ጠዋት እናቴ ስትጠብስ «ዛሬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ቶሎ የሚቀላው?» አለች። «ዘይቱ ግሎ ይሆናል» አልኳት። ጉንፋን ይዟት ስለነበር ሽታው አልደረሳትም። እኔ ጓዳ ገብቼ ሻይ ስቀዳ ከውጪ የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ብዙ ድምፅ። ፔርሙዙን ይዤ ብወጣ ሰው በዝናቡ ተሰልፏል። እትዬ አስካለ፣ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት የጎረቤታችን አሮጊት፣ ስድስት ቦምቦሊኖ በፌስታል አስቋጥረው መንገድ ጀምረዋል። እናቴ እየሳቀች ነው! ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ።

የታክሲ ሹፌሩ ሰለሞን፣ ሰፈሩን ሁሉ በቀልድ የሚያምስ ሰው፣ ትኩሱን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ «ሃምሳ ቀን ሙሉ ክሬም ስልስ ከረምኩ» አለ። «ዛሬ ግን ረቡዕ ነው፤ ወደ እናት ቤት ተመለስኩልሽ።»

ረቡዕ። ፔርሙዙ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

ሰለሞን ነከሰ። ዓይኑን ጨፈነ። «ኧረ የጸጋ እናት! ምን ጨመርሽበት? ከዚያኛው ቤት ይበልጣል እኮ!»

«የእጄ ነው፤ አንተ ነህ የረሳኸው» አለችው እናቴ።

ልሰማው የጓጓሁት ቃል ይኸው ነበር። አሁን ግን ምነው ባልሰማሁት አልኩ። አራት፣ አምስት ሰው እየተቀበለ ገለል አለ። ገሚሱ እስከ ስድስት ሰዓት ስለማይቀምስ በወረቀት ጠቅልሎ ይይዛል፤ ገሚሱ እዚያው ይነክሳል። ዝም ብል ማን ያውቃል? አልኩ በልቤ። ማንም አያውቅም። ወተት አይታይም። ነገ እንደ ድሮው አቦካለሁ፣ አለቀ። ደግሞ ብናገር ምን ይላሉ? «ጴንጤዋ ሆን ብላ አስገደፈችን» ነው የሚሉት። በዚያ ሰፈር ከእናቴ እጅ ማን ይበላል? ሻንጣችንን ይዘን መናኸሪያ ስንቆም ታየኝ።

ከዚያ ልጇን በእጇ የያዘች አንዲት ሴት ደረሰች። «የጾም ነው አይደል?» አለች።

እናቴ ቀና ብላ፣ ፈገግ እንዳለች፣ «ከኔ ሳፋ ወተት ገብቶ አያውቅም የኔ እናት» አለቻት።

እናቴ ውሸት የማትወድ ሰው ናት። በኔ ምክንያት፣ እየሳቀች፣ ሳታውቀው ስትዋሽ ሰማኋት። «እማዬ፣ ወተት አለው» አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ሴትየዋ እጇን ዘረጋች። «አትብሉት!» ብዬ ጮህኩ። «ወተት አለው! እንቁላልም! እኔ ነኝ የጨመርኩት!»

ሰለሞን ጉንጩ እንዳበጠ ቀረ፤ መዋጥም መትፋትም አልቻለም። ከሰልፉ ኋላ የቆመ አንድ ግንበኛ «ገምቼ ነበር» አለ። «እናንተ ስለማትጾሙ እኛንም ልታስገድፉን ነው? ሆን ብላችሁ ነው!»

«ተው እንጂ፣ ልጅ ናት» አለ ሰለሞን ጉንጩን እንደምንም ባዶ አድርጎ።

«ልጅ የሰማችውን ነው የምትሠራው!»

እናቴ እሳቱን አጠፋች። የሁሉንም ገንዘብ መለሰች። «ጥፋቱ የቤቴ ነው፤ በልጄ ላይ አታድርጉት» አለች። ከዚያ ድንገት ወደኔ ዞረች። «እትዬ አስካለ! ይዘው ሄደዋል። ሩጪ!»

በሸበጥ ሮጥኩ። አንዱን ጭቃው በላው፤ በባዶ እግር ቀጠልኩ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ። ገብቼ አላውቅም። ነጠላ የለኝም፤ እግሬ ጭቃ ነው፤ ምን ብዬ እንደምገባ፣ በየት በኩል እንደሚገባ እንኳን አላውቅም። የሚያልፉት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ እያደረጉ ያዩኛል። አባረው ቢመልሱኝስ? ደግሞ ቆሜ ብዘገይስ?

ከአጥሩ ሥር እትዬ አስካለን አየኋቸው። ጃንጥላ ዘርግተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፌስታሉ ተፈቷል፤ አጠገባቸው አንድ ዓይነ ስውር የኔ ቢጤ የመጨረሻዋን ጉርሻ እያላመጡ ነው።

«እትዬ፣ በልተዋል?» አልኩ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«እኔ ከቅዳሴ በፊት መቼ እቀምሳለሁ? ምን ሆነሻል፣ እናትሽ ደህና ናት?»

«ወተት አለው። እንቁላልም።»

እጃቸውን ከፌስታሉ አነሱ። «ማን አስገባው?»

«እኔ።»

«አውቀሽ?»

«ወተቱን አውቄ። ረቡዕ መሆኑን ረስቼ።»

ቀድመው የተናገሩት የኔ ቢጤው ናቸው። «ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ እንዲህ የጣፈጠኝ ስለራበኝ መስሎኝ!»

«ዝም በል አንተ! ለንስሐ አባትህ ትናገራታለህ።»

«እናገራለሁ። ያጎረስሽኝ ግን አንቺ ነሽ፤ አብረን ነው የምንሄደው።»

እትዬ አስካለ ሊስቁ ነበር፤ ዋጡት። ፌስታሉን መልሰው ቋጥረው እጄ ላይ አኖሩት። «ሌላ ማን በላ?»

«ሹፌሩ ሰለሞን ብዙ በልቷል።»

«እሱስ ድሮም ሰበብ ነው የሚፈልገው።» ከዚያ ፊታቸው ጠነከረ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ረቡዕን ገድፌ አላውቅም። በደቂቃ ነው የደረስሽው፤ ይገባሻል?» ራሴን ነቀነቅሁ፤ እንባዬ ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። «ለእናትሽ፣ ዓርብ እመጣለሁ በያት። ስታቦካ ግን ማየት አለብኝ።»

እናቴ አልመታችኝም። ማታ «ብታማክሪኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«ፈርቼ ነው።»

«እኔ የማልፈራ ይመስልሻል?»

ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ደቂቃ ድረስ እናቴ እንደምትፈራ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዲስ ሳፋ ይዛ ወጥታ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያይበት፣ በሩ ላይ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር አስቀመጠችው። እትዬ አስካለ በርጩማ ይዘው መጥተው ፊት ለፊቷ እንደ ፈታኝ ተቀመጡ። ዱቄቱን አዩ። ስኳሩን አዩ። ጆጉን እያመለከቱ «ይኸስ ውኃ ነው?» አሉ።

«ይቅመሱት።»

ቀመሱት! የሚያልፈው ሰው ሳቀ፤ እናቴም ሳቀች፤ እኔ ግን ዓርብ ጠዋት ድረስ አልሳቅሁም። ዓርብ የመጣው ሰው የረቡዕን ግማሽ አይሞላም። በሳምንቱ ጨመረ። ያ ግንበኛ አልመጣም፤ እስከ ዛሬም በኛ በኩል አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው። ባየሁት ቁጥር ሰላም ልለው አስቤ እተወዋለሁ።

እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ሊጥ የምታቦካው ውጪ ነው። ኋላ ላይ የዶናት ቤቱም «የጾም አለን» የሚል ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጠፈ፤ እንደገና ሰው ሊወስዱብን ነው ብዬ ስንት ቀን ተጨነቅሁ። ጥቂት ሰው ወሰዱ። ሌሎቹ «ሲቦካ አላየንም» ብለው ቀሩ። ሶዶ የምንሄደው አሁንም በገና ብቻ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ታክሲው ፉሪ ሲያወርደኝ ወደ ጉዳዬ መሄድ ትቼ ወደ ባነሩ ተመለስኩ። ከፊት ለፊቱ፣ የተቀደደ የሸራ ዳስ ሥር፣ አንዲት ሴት ቦምቦሊኖ ትጠብሳለች። አንድ ገዛሁና እንደ ጾመኛ «የጾም ነው?» አልኳት።

«ታዲያ! ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?» አለች። ከዚያ ወደ ባነሩ ቀና አለች። «እነዚህ ሲከፍቱ እንጃ ምን እንደምሆን። ልጄ እንቁላል ጨምሪበት እያለች ትነዘንዘኛለች።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ሦስት።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ሰው መጣባት፤ ዘይቱም ጮኸ፤ ሄድኩ። የልጅቷን ስም እንኳን አልጠየቅሁም። ይህን የጻፍኩት ግን ለሷ ነው። እህቴ፣ መፍራቱን ፍሪ፤ እኔም እስካሁን እፈራለሁ፣ እናቴም ትፈራለች። ብቻ ፍርሃትሽን ለእናትሽ ንገሪያት፤ እሷ ሳታይሽ ግን ሳፋው ውስጥ ምንም አትጨምሪ።