«ቤት ነሽ?» የተባልኩባቸው ሁለት ጠዋቶች

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ስደርስ ግን እስካሁን ሆድ ይብሰኛል።

እናቴ ደብረ ብርሃን ኩላሊቷን ታማ አልጋ ከያዘች ቆይታ ነበር። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምሠራው እዚያው አሜሪካ ራቅ ብላ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል በማጽዳት። አገር ቤት በሽተኛ ያለው ሰው ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል።

የእኛን ወግ ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞት ከአገር ቤት ለባለሐዘኑ አይደወልም፤ ለጓደኛው ነው የሚደወለው። ጓደኛው ሰው ያሰባስባል፤ በማለዳ «ቤት ነሽ?» ብሎ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ትልቅ ሰው አስቀድመው ይመጣሉ። በእኛ አካባቢ ያ ትልቅ ሰው ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ማርዳት ያውቁበታል። በጠዋት እሳቸውን በሩ ላይ ያየ ሰው እስኪነገረው አይጠብቅም።

አንድ እሑድ አብሮ አደጌ ገነት ደወለች።

«ቤት ነሽ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«የትም እንዳትሄጂ፣ እየመጣን ነው።»

በሩ እስኪንኳኳ ድረስ ምን ሳደርግ እንደቆየሁ አላውቅም። ስከፍት ጋሽ ታደሰ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ገነትና ባሏ። ከቅዳሴ መምጣታቸው ስለነበር ሁሉም ነጠላ እንደለበሱ ናቸው። «እናቴን!» ብዬ ጮኼ እዚያው ወደቅኩ። የጎን ጎረቤቴ ሳልቫዶራዊቷ ወጥታ ፖሊስ ልትጠራ ነበር።

ገነት እላዬ ላይ ተንበርክካ፣ «ኧረ ደህና ናት፣ በማርያም ደህና ናት! እኛ የመጣነው ለስልክ ነው» ትለኛለች።

ለስልክ! ርካሽ የስልክ ካምፓኒ አግኝተው ነው። ርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ የምትሄጂበትን ቦታ የካምፓኒው አፕ እንዲያይ ከፈቀድሽለት ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ኮይን፣ ይከፍልሻል፤ ሰው ካስገባሽ ይጨምርልሻል። አራት ሆነው አንድ ላይ ለሚገቡ ደግሞ ቦነስ አለው፤ ቦነሱ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው። እነሱ ሦስት ናቸው፤ አራተኛዋ እኔ መሆኔ ነው።

ጋሽ ታደሰ አፍረው ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። «እኔስ ቀድመን እንንገራት ብዬ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ሰርፕራይዝ እናርጋት ያለችው እሷ ናት።»

እናቴ አለመሞቷን ስሰማ ከደስታዬ ብዛት ያሉኝን ሁሉ እሺ አልኩ። እንባዬን እየጠረግኩ ስልኬን ቀየርኩ።

ሒሳቡ እንዳሉት ርካሽ ነው። አፑም ጠዋት ጠዋት ኮይን ገባልሽ እያለ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ስልኩ ለማውራት ግን አይሆንም። ቤት ውስጥ ድምፅ ይቆራረጣል፤ እናቴን ለማናገር መስኮት ላይ መለጠፍ ነበረብኝ። ገነት ደግሞ አላረፈችም። አዲስ ቦነስ በመጣ ቁጥር፣ «ቤት ነሽ? እንትናን ይዤ ልምጣና ያንቺን አሳዪልኝ» ማለት ሥራዋ ሆነ። ጋሽ ታደሰንም አብራ ታዞራቸዋለች፤ እሳቸውን ሰው ያምናቸዋላ። እኔም «ቤት ነሽ?» ስባል መደንገጡን ትቼ መሰላቸት ጀመርኩ።

ብርድ ከገባ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለሥራ ጫማዬን ሳስር ደወለች።

«ቤት ነሽ?» ድምፁ ተቆራረጠ። «...ጋሽ ታደሰም... እየመጣን...»

«ገነት፣ ዛሬ እንኳ ተዪኝ፣ ሺፍት አለኝ። ኮይናችሁን እዚያው» አልኳት።

የሆነ ነገር አለች፤ አልተሰማኝም። ዘጋሁት። መልሳ ስትደውልም አላነሳሁም። አሌክሳንድሪያ እስክደርስ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስስቅባቸው ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ብሬክ ሩም ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። ቀድሞ የመጣው አፑ ነው፤ ራቅ ብዬ ስለሄድኩ ኮይን ጨምሮልኝ «ኮንግራጁሌሽንስ» ይላል። ከሱ ሥር የአክስቴ ልጅ የለጠፈችው የእናቴ ፎቶ አለ። ጎኑ ላይ የሚበራ ሻማ አድርጋበታለች፤ «ነፍስሽን በገነት ያኑረው» ብላ ጽፋለች።

አጠገቤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በስፓኒሽ ስለ ኳስ ያወራሉ። ምግቤን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ከደንኩት። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ መጮህም አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ገነትና ጋሽ ታደሰ ሰው ሰብስበው፣ ምግብ ይዘው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተቆለፈ በሬ ላይ ቆመው ነበር። ጎረቤቴ እንደነገረችኝ ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ገነትን ተናገርኳት። «ደውዬልሽ ነበር እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ደውላለች።

ያን ስልክ ትቼዋለሁ። የተጠራቀመውን ኮይን አላወጣሁትም፤ ዓይኔም እንዲያየው አልፈልግም። ገነትን ይቅር ብያለሁ እላለሁ፤ የሚለው ግን አፌ ነው። ያቺን ቃል ለክፉ ቀን ነበር ያስቀመጥናት፤ መነገጃ አደረገችብኝ። ሌላው ሰው ቢያንስ ደግፎ የሚያረዳው ዘመድ አለው። እኔን ያረዳኝ ስልክ ነው፤ ለዚያውም እንኳን ደስ አለሽ ብሎ።