ቀለሙ ይለቃል ብዬ ዋሸሁ

ይህን ለባሌም ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

መርካቶ ውስጥ ጨርቅ በጅምላ በሚሸጥበት ሱቅ ለዓመታት ሻጭ ነበርኩ። ያኔም ወፍራም ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ከክፍለ ሀገር የሚመጡት ነጋዴዎች ግን ሱቁን የሚያውቁት በእኔ ነበር። ጣቃውን ዳስሼ የማይሆነውን አይሆንም ስለምላቸው ያምኑኛል።

አሠሪዬ ጋሼ ሙሉጌታ ይባላል። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ እዚህ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። ንግድ ሲቀዘቅዝበት ዓይኑ ሰውነቴ ላይ አረፈ። ወንበር ቢሰበር በእኔ፣ መተላለፊያው ቢጠብ በእኔ። ጉልበቴን አሞኝ አንድ ቀን ብቀር፣ በማግስቱ ደንበኞች ፊት፦

"አንቺን ማሠራት እኮ ሁለት ሰው መቀለብ ነው! ስትቀመጪ ቦታ ትፈጃለሽ፣ ስትቆሚ ትታመሚያለሽ" አለኝ።

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ? እስከ ዛሬ ከስድቡ ይልቅ የገዛ ሳቄ ያቃጥለኛል።

ከዚያ ወዲህ ከፎቅ መጋዘን ዕቃ ማውረድ የእኔ ሥራ ሆነ። ተሸካሚዎች ቆመው እያሉ "ዘነበች ትውጣ፣ ውፍረቱ ትንሽ ይቅለላት" ይላል። አንድ ቀን ጣቃ እንደታቀፍኩ ደረጃው ላይ ወደቅኩ። ሮጦ መጣ፤ መጀመሪያ ያነሳው ጣቃውን ነበር። ብዙም ሳይቆይ አሰናበተኝና በቦታዬ ትዕግስት የምትባል ቀጭን ልጅ ቀጠረ።

ትዕግስት ምንም አላደረገችኝም። እንዲያውም የወጣሁ ዕለት ቦርሳዬን ይዛ እስከ አብነት ታክሲ መያዣ ሸኘችኝ።

"እትዬ ዘነበች፣ በእኔ አይቀየሙ። እናቴን የማስታምማት እኔ ነኝ" አለችኝ።

"አንቺ ምን አጠፋሽ?" አልኳት። ከልቤ ነበር።

ቤት እንደገባሁ ግን ስልኬን አነሳሁ። መጀመሪያ የደወልኩት ጅማ ላሉት ደንበኛችን ለሐጂ ሙዘይን ነው። ለምን ሥራ እንደለቀቅኩ ጠየቁኝ።

"ጨርቁ ተቀይሯል ሐጂ። አንዴ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል። ሰው አላታልልም ብዬ ወጣሁ።"

ጨርቁ ያው ጨርቅ ነበር። ዋሸሁ። "አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ አተረፍሽኝ" ብለው መረቁኝ፤ ምርቃቱንም ተቀበልኩ። ለሌሎቹም ደወልኩ፣ ለሌሎቹም ዋሸሁ። ተናድጄ ነበር ልበል? ንዴት አንድ ስልክ ያስደውላል። እኔ ግን ሁሉንም አዳረስኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ የሙሉጌታ ሱቅ ጭር አለ። ፊት ለፊቱ ካለው ሱቅ ተቀጥሬ፣ የእሱ ደንበኞች ወደ እኔ ሲገቡ ደጁ ላይ ቆሞ ያያል። ደስ አለኝ? እንዴታ! ምግብ ጣፈጠኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። አንድ ቀን መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

"ዘነበች፣ ሰዉ ምነው ሸሸኝ? የሰማሽው ነገር አለ?"

"እኔ ወፍራሟ ምን አውቃለሁ ጋሼ? ቦታ ከመፍጀት ሌላ ምን አውቃለሁ?" አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ግን ትዕግስትን አሰናበታት። ይህን ሳላስበው ቀርቼ ነው? አስቤዋለሁ። አስቤ አለፍኩት።

በኋላ አብነት ታክሲ መያዣው አጠገብ አገኘኋት። መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግታ ካልሲ ትሸጣለች። ስታየኝ ብድግ ብላ አቀፈችኝ። እናቷን ጠየቅኳት።

"አረፈች" አለችኝ። "መድኃኒቱን መቀጠል አልቻልኩም። እርስዎ ሱቁ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ እኮ ሥራው አይበላሽም ነበር።"

ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ከስልኮቹ ሁሉ ይከፋል።

ሙሉጌታን ይቅርታ አልጠይቅም። ዛሬ ሱቁን ቢከፍት፣ ዛሬውኑ እደውላለሁ። ትዕግስትን ግን እናትሽን በቂሜ ውስጥ ረግጬ አለፍኩ ብዬ እንዴት ይቅርታ ልጠይቃት? ይህን አንብባ ካወቀችኝ፣ እዚያው የተቀጠርኩበት ሱቅ ነኝ። ትምጣና በደንበኞቼ ፊት ትናገረው። አልክድም።