የጋሽ ሪዙ የጎረምሳ ፎቶ

ጋሽ ሪዙን ሰፈሩ የሚያውቃቸው ከባለቤቱ ቀድሞ በር በሚገባው ሪዛቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ፀጉር ሲያስተካክሉ ያቃታቸው ራስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የልጅ ልጃቸው።

ደንበኞቻቸው «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» እያሉ ይተርቧቸዋል። አብረው ይስቃሉ፤ አንጀታቸው ግን እርር ይላል። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ ድንገት መነካትም ያስደነግጠዋል። አምና «አልቅሶ ይረሳዋል» ብለው፣ ሁለት ደንበኛ እጅና እግሩን ይዘውላቸው ሊቆርጡት ሞከሩ። ልጁ አልረሳም። ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ሲዘረጉ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። የተቋጠረ ፀጉሩ ሲበጠር ባለቀሰ ቁጥር ጋሽ ሪዙ ራሳቸውን ይረግማሉ።

የልጁ የባህሪ ሕክምና ባለሙያ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥታ የሥዕል ካርዶች የተደረደሩበት ሰሌዳ ሰቀለች።

«ጋሼ፣ በጉልበት አይሆንም፤ በሥዕል ነው። መጀመሪያ አባባ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ እሱ። ያለቀው ካርድ ከሰሌዳው ግርጌ ባለው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ በመጨረሻ ኮከብ ይሸለማል። በመጀመሪያው ካርድ ላይ ተቆርጠው ሲያልቁ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ የእርስዎን ፎቶ ይለጥፉ።»

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በቅርቡ በተነሡት ፎቶ ዓይናቸው ተጨፍኗልና የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳሉ የተነሡትን ለጠፉ። ሪዝ የሚባል ነገር የለም።

«አባዬ፣ ይሄ ማነው?» አለች ልጃቸው፣ የልጁ እናት።

«ዝም በይ! ቁንጅና ልጅ ያበረታታል።»

ልምምዱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ልጁ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመ፣ ቆይቶ መቀሱን ያዘ፣ ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ሪዙም ነገሩ ጥሟቸው፣ ሳይነቃነቅ ለተላጨ ደንበኛ ሁሉ «ጎበዝ!» እያሉ ኮከብ መለጠፍ ጀመሩ። ኮከብ የተነፈገ አንድ ጡረተኛ ሳምንት ሙሉ አኮረፋቸው።

ቀኑ ደረሰ፤ ባለሙያዋም መጣች። ልጃቸው ከጋሽ ሪዙ ፀጉር ቆንጠር አድርጋ ቆረጠች። «አለቀ! ተራህ ነው!»

ልጁ ፎቶውን አየ፣ አያቱን አየ። «አላለቀም።»

ደግማ ቆረጠች። «አላለቀም።» በአራተኛው፣ ራሳቸው አይጥ የበላው ጆንያ መሰለ።

ባለሙያዋ ፎቶውን ጠጋ ብላ አየችና ሳቋ አፈናት። «ጋሼ፣ ልጁ ልክ ነው። ሲያልቅ እንዲህ ይሆናል ብለው ያሳዩት እርስዎ ነዎት።» በጣቷ የፎቶውን ሪዝ አልባ ከንፈር አሳየቻቸው።

ጋሽ ሪዙ ሪዛቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ሞቼ እገኛለሁ!»

ልጁ ከበርጩማው ወርዶ ወደ ጠረጴዛው ሥር አመራ። የአያቱ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ።

«ምላጩን አቀብዪኝ» አሉ።

ተላጭተው ሲጨርሱ ልጁ መጣ። ከአምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ነካ፤ ጣቱን በባዶው ከንፈር ላይ አስኬደ፣ ፎቶውን አየ።

«አለቀ።»

ካርዱን ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ራሱ ትልቁ ወንበር ላይ ወጣና አንገቱን ሰጠ። ጋሽ ሪዙ በመቀስ ብቻ፣ ቀስ ብለው ቆረጡለት። እንባቸውም የሚያርፍበት ሪዝ አጥቶ አገጫቸው ድረስ ወረደ። እናትየው በበኩሏ፣ በነገው ካርድ ላይ ለራሷ ተራ ለጥፋው የነበረውን የሠርጓን ፎቶ፣ ልጁ «አላለቀም» ሳይላት፣ በጥድፊያ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀች።

ኮከቡን ሲሰጡት ልጁ ለራሱ አልለጠፈውም። ሪዙ በነበረበት ቦታ ላይ ለጠፈላቸው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሪዙ ፀጉር ቤታቸውን የከፈቱት ከነኮከባቸው ነው።