በካርቶን መርከብ የተሳፈረው ቄስ

«ወይዘሮ አልማዝ ቴአትር እያየች አልቅሳ ከለተብርሃን ጋር ታረቀች» እየተባለ እንደሚወራ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። እኔ ቴአትር ላይ አላለቅስም። የታረቅሁትም ቴአትሩ ሳይጀመር ነው። እንዴት እንደሆነ ከእኔው ስሙ...

ባለፈው እሑድ ማኅበራችን ኦስትኤንድ በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር ውስጥ ከጀርመኖች በተዋሰው የሰበካ አዳራሽ አንድ የቆየ የውጭ አገር ኮሜዲ በአማርኛ አሳይቶ ነበር። ዘፈንና ጭፈራ የበዛበት፣ ነገሩ ሁሉ መርከብ ላይ የሚሆን። መጥሪያው «በዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል» ይላል። እኔ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ዘጠኝ ሰዓት ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ስደርስ ኮሪደሩ ባዶ ነው። አንዲት ሴት ብቻ ተቀምጣለች። ለተብርሃን!

እኔና ለተብርሃን አዲስ አበባ በአዳሪ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። ያሳደገን አንድ ደውል ነው። ኋላም ስደት እዚሁ ፍራንክፈርት አገናኘን። እሷ የአስመራ ልጅ ናት። በኤርትራ የነጻነት ሪፈረንደም ሰሞን ቤቴ መጥታ፣ እንግዶች ባሉበት «ከእንግዲህ ስትመጪ ቪዛ ያስፈልግሻል» አልኋት። ቀልድ መስሎኝ ነው እያልሁ ስናገር ቆይቻለሁ... ቀልድ አልነበረም። እንዲያማት ብዬ ነው የተናገርሁት። ኮቷን አንሥታ ወጣች። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም።

እኔ ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ሄጄ ተቀመጥሁ። ሁለታችንም ግድግዳውን እናያለን። ሌላው ሰው በሀበሻ ቀጠሮ ሊመጣ ገና ቤቱ ልብሱን ይተኩሳል።

ድንገት የጎን በር ተከፈተና ጥምጥም የጠመጠመ፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሰ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ቄስ ብቅ አለ። መስቀል ይዟል። ከቀሚሱ ሥር ነጭ የስፖርት ጫማ አየሁ። የስደት ቄስ ምን ያድርግ ብዬ አለፍሁት። ብድግ አልሁና ጎንበስ ብዬ ለመሳለም ቀረብሁ። ሰውዬው ትንሽ ደንገጥ አለ፤ ከዚያ መስቀሉን ግንባሬንም አፌንም አስነካኝ።

ለተብርሃንም መጣች። ተሳለመች። ቀና አለችና...

«አባቴ፣ ይህች ሴት እኅቴ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረችኝም» አለችው።

ቄሱ እሷን አየ፣ እኔን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጆቼ... ይህ ጥሩ አይደለም። ይቅር ተባባሉ።»

መስቀል የያዘ ሰው ሲገላግል እምቢ አይባልም። እኛ እንዲያ ነው የተማርነው። ደግሞም ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሁለት ዓመት ያልወጣኝ ቃል እዚያ ኮሪደር ላይ ወጣኝ። «ይቅር በዪኝ፣ ለተብርሃን» አልሁ። ተሳሳምን። ያለቀሰ ካለ እሱን እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃው ተከፈተ። ከካርቶን የተሠራ መርከብ አለ። የሚወዳት ልጅ ለሀብታም ልትዳር ስትጓዝ፣ አንድ ጎረምሳ ያለ ትኬት ሾልኮ ይሳፈራል። ካፒቴኑ ያለ ትኬት የገባውን ሽቫርትስፋረር ሲፈልግ ጎረምሳው ከአንድ መንገደኛ ሻንጣ ልብስ ይሰርቅና ይለብሳል። ምን ለብሶ ቢወጣ ጥሩ ነው? ጥምጥም! ያው ቀሚስ፣ ያው ጢም፣ ያው ነጭ ጫማ! ልጅቷን በወገቧ ይዞ ይዘፍናል፤ በዚያችው መስቀል እያመለከተ ይጨፍራል!

ብድግ አልሁ። «ይህ ሰው አታሎኛል! ቄስ አይደለም!» ብዬ ጮኽሁ።

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። የተውኔቱ ክፍል መስያቸዋለሁ። የሰበካው ጀርመናዊ ቄስ እንኳ ቆመው ነው ያጨበጨቡልኝ።

ለተብርሃን ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ቄስ አይደለም እኮ!» አልኋት።

«አውቃለሁ። ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ቀድሜ የመጣሁት ጠርዙን ላስተካክል ነው።»

«እያወቅሽ ተሳለምሽ?»

«አንቺ ተሳልመሽ ልሳቅብሽ? ዋይ አልማዝ! እውነተኛ ቄስ ስጠብቅ ልሙት እንዴ?»

ከዚያ መሐረቧን አወጣችና አፌን ጠረገችልኝ። መሐረቡ በወርቅ ቀለም ተበከለ። ለካ መስቀሉ ጣውላ ኖሯል፣ ቀለሙም በቅጡ አልደረቀም። ያን ሁሉ ጊዜ ከንፈሬ ወርቅ ተቀብቶ ነው የተቀመጥሁት!

«ወርቅ ሲቀቡሽ ታምሪያለሽ» አለችኝ፤ «አሁን ቤትሽ ብመጣ ቪዛ ትጠይቂኛለሽ?»

ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ።

ሲያልቅ ጎረምሳው ጢሙን በእጁ ይዞ መጣ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድንገት ጎንበስ ሲሉብኝ ምን ልበል?»

«ቄስ አይደለሁም በላ!»

«እሱንማ ልል ነበር... እትዬ ለተብርሃን በዓይናቸው ዝም በል አሉኝ።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። የክህነት ልብስ መጫወቻ ሆነ፣ ሰዓት አልተከበረም፣ እኔም በስልሳ ሁለት ዓመቴ ጣውላ ተሳለምሁ። ይህን ሁሉ ለማኅበሩ ሊቀመንበር በደብዳቤ እገልጻለሁ። ለንስሐ አባቴም እነግራለሁ፤ በቀን በሰዓቱ ቀጠሮ፣ ቴርሚን ይዣለሁ።

እነዚህ ግን ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ። ነገ ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው ጥቁር ኮቴን መቦረሽ ነው። ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በኡ-ባን፣ እሷ ወደምትኖርበት ጊንሃይም ሄጄ የለተብርሃንን ደወል እደውላለሁ። ከዚያ ደጇ ላይ ቆሜ «ይቅር በዪኝ»ን ያለ ቄስ እደግመዋለሁ። ቀጥሎ ስለ ቀሚሱ እሷ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ሦስት ሰዓት ብያታለሁ፤ ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው።