ሰደርያውን አንለብስም

ይህ የገጠመኝ አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

እኛ ሰፈር፣ ኮልፌ፣ አንዲት ልጅ ማለዳ ሥራ ስትወጣ ጨለማው ውስጥ ደብድበው ቦርሳዋን ቀሟት። ከዚያ ወዲህ እኔና ጎረቤቶቼ ብቻችንን መውጣት ተውን። እኔ ልብስ ስፌት ነው የምሠራው፤ እትዬ ብርቄ መርካቶ ቅቤ ይነግዳሉ፤ ሌሎቹ ጽዳት ናቸው። ሳይነጋ ወፍጮ ቤቱ ጋ እንገናኝና ተያይዘን እስከ ታክሲ ተራው እንወርዳለን። ማንም አላዘዘንም። የመንገድ መብራት እንዲተከልልን ወረዳ ደጋግመን ብናመለክትም መልስ አጥተናል።

አንድ ቅዳሜ ወረዳው ለስብሰባ ጠራን። መብራቱ ሊመጣ ነው ብለን እየተሳሳቅን ሄድን። አንድ ወጣት ኃላፊ ከካርቶን ቢጫ ሰደርያ እያወጣ ያድለን ጀመር። ጀርባው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተጽፏል።

"ከዛሬ ጀምሮ በእኛ ሥር ተደራጅታችኋል። ሊቀመንበሯ እሷ ናት" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። እሁድ የድጋፍ ሰልፍ ስላለ ይህንኑ ለብሰን እንድንወጣም ነገረን።

የምኖረው ቀበሌ ቤት ነው፤ ሊከተል የሚችለውን አውቃለሁ። ግን አፌ ቀደመኝ።

"መብራቱስ?" አልኩት።

"እሱ በሂደት ላይ ነው።"

"እንግዲያው መሪ ካስፈለገን ራሳችን እንመርጣለን። ይሄንንም አንለብስም።"

"ካልተደራጃችሁ በቡድን መሄድ አትችሉም!" ብሎ ጮኸብኝ።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። "አንተ ልጅ፣ ስንደበደብ የት ነበርክ? አሁን ልትመራን ነው የመጣኸው?" አሉና ሰደርያቸውን ካርቶኑ ላይ ጥለው ወጡ። ተከተልናቸው። ጥቂቶቹ ለብሰው ቀሩ፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጆች አሏቸው።

ሰኞ ማለዳ ማንም አይመጣም ብዬ ሰግቼ ነበር። ስደርስ ግን የማላውቃቸው ሁለት ሴቶች ጭምር ቆመው ይጠብቁኛል። መንገድ ላይ አንድ ደንብ አስከባሪ አስቆመን።

"ሰልፍ ነው እንዴ?"

"ሥራ ረፈደብን፤ ዞር በል" አሉት እትዬ ብርቄ። ዞር አለ።

መብራቱ እስካሁን የለም። የቤቴን ውል ላሳድስ ስሄድም "ነገ ነይ" እያሉ ያመላልሱኛል። ያመላልሱኝ! ግብሬን እከፍላለሁ፤ መብራቱንም መጠየቄን አልተውም። ከማን ጋር እንደምሄድ ግን የምወስነው እኔ ነኝ።