በአንድ ደቦ የተረጨው ኩሬ

እንድሪስ የጀመረውን ሥራ ለነገ ማሳደር የማይሆንለት ሰው ነው። አጨዳ ላይ ፀሐይ ብትቀድመው ፀሐይዋን ይቆጣታል። በጨፋ ሮቢት ዙሪያ ደቦ የሚጠራ ሁሉ እሱን መሪ የሚያደርገው በዚህ አመሉ ነው፤ እሱ የመራው ደቦ ሲበተን ለነገ የተረፈ ነዶ ታይቶ አያውቅም። ጉድ የሠራችውም ይህችው ኩራቱ ናት።

የመንደሩን ኩሬ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ወረሰው። መንደርተኞቹ በእጃቸው ቢነቅሉ፣ ቢነቅሉ፣ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም። በመጨረሻ ፋሪዳ የምትባል የእርሻ ባለሙያ ከከሚሴ ፀረ አረም ይዛ መጣችና እንድሪስን ለብቻው አስጠነቀቀችው።

«አባባ እንድሪስ፣ ዛሬ ከዳር ሲሶውን ብቻ ነው የሚረጩት። ሁሉም ባንዴ ከሞተ በስብሶ ውሃውን ያፍነዋል። ከብትም እኔ ሳልፈቅድ ዝር እንዳይል።»

«ኢንሻአላህ፣ ልጄ» አላት። ከልቡ ነበር።

ነገር ግን ሲሶው ገና በረፋዱ አለቀ። መርጫ ያዘሉት ጎረምሶች አላላባቸውም፤ መድኃኒቱም ተርፏል። የሰበሰብኩትን ደቦ በጎዶሎ ልበትን እንዴ? አለ በልቡ። አፈረ። «እስከ ወዲያኛው ዳር!» ብሎ አዘዘ፤ ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት ሳይደርስ ኩሬው ዳር እስከ ዳር ተረጨ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁት ደስ አለው፣ ምን ይደበቃል።

አረሙ ጠወለገ፣ ጠቆረ፣ ሰጠመ። ከዚያ የእንቁራሪቱ ድምፅ ጠፋ። ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ፤ ክርፋቱ እስከ ጓሮ ደረሰ። ሚስቱ ቶይባ ውሃው ዳር ቆማ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፈነች።

«ያ ረቢ! አንተ ሰውዬ፣ በጋው ገብቷል። እነ ሁመድ ሲመጡ ምን ልታጠጣላቸው ነው?»

ሁመድ የአፋር አርቢ ነው፤ ቆላው ሲደርቅ ከብቱን እየነዳ ወደዚህ ኩሬ ይወጣል። የእሱና የእንድሪስ አባቶች አብረው ሊጠቀሙበት ቃል የተጋቡበት ውሃ ነው። እንድሪስ በባቲ ገበያተኛ «ወደ ኩሬው አትምጣ፣ በወንዙ በኩል ዙር» ብሎ ላከበት። መልስ አልመጣም። እንቅልፍ አጣ፤ ፈራ።

አንድ ጠዋት በምሥራቅ በኩል አቧራ ተነሣ። እንድሪስ ዱላውን ይዞ ሮጠና መንገዱ ላይ ቆመ። ሁመድ ሊቀበለው የወጣ መስሎት ከሩቅ እጁን አነሣለት።

«መልሳቸው! በአላህ ይዤሃለሁ፣ መልሳቸው! ውሃው መርዝ ሆኗል!»

ሁመድ ፈገግታው ገና ከፊቱ ሳይጠፋ ወደ ከብቶቹ ዞረ። እነሱ ግን ውሃው ሸቷቸዋል። በእንድሪስ ግራና ቀኝ እየጋለቡ አለፉ፤ ዱላውን ቢወረውርም አንዷን እንኳ አልመለሰም። ከፊት የነበረችው ላም እስከ ጉልበቷ ገብታ ልትጠጣ አንገቷን ደፋች።