ፈረሰኛውን የበላሁበት ፋሲካ

በቅዳም ሹር ከሰዓት፣ ለፋሲካ የተገዛ ዶሮ ካርታ ላይ ያስያዘ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ግን በዓል ደርሶ መንደሩ ውስጥ ዶሮ በጮኸ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። የሚያዩኝ ሰዎች “እርጅና ነው” ይላሉ። ይበሉ።

ያኔ ወዳጄ ዘርጋ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ የስፖንጅ ፍራሽ መሸጫ ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቁ ጓሮ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን፣ ሌላ ፍራሽ መሃላችን አጋድመን ፖከር እንጫወታለን። ሦስት ነን፤ ዘርጋ፣ ጡረታ የወጣው ሻምበልና እኔ። በገንዘብ አይደለም፣ በቆርኪ ነው። የቆርኪው ከረጢት የሻምበል ነው፤ ሕጉም የሻምበል ነው። ቆርኪ ያለቀበት ይነሳል፣ ብድር የለም።

የዚያን ዕለት ባለቤቴ አስካለ ሽንኩርቷን ጥዳ፣ “ዶሮውን ገዝተህ በቀጥታ ና። የትም እንዳትቆም” ብላ ላከችኝ። ገዛሁ። ቀይ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ሲያዩት ጄኔራል የሚመስል ዶሮ ነበር። ተከራክሬ ዋጋ ስላስቀነስኩ ደግሞ ኮራሁ። ጥፋቱ ኩራቱ ላይ ነው። ዶሮዬን ዘርጋ ካላየልኝ ብዬ ጎራ አልኩ።

“አይ ዶሮ!” አለ ዘርጋ። “ከባለቤቱ ይሻላል። ና፣ አንድ ዙር ብቻ።”

አንድ ዙር ብቻ ተብሎ በአንድ ዙር ያለቀ ጨዋታ እስካሁን አላየሁም።

ሦስታችንም ጠዋት የታደለንን ቄጤማ ግንባራችን ላይ አስረናል። ሰው በር ከፍቶ ቢያየን ሦስት ጻድቃን ምን ይሠራሉ ይል ነበር። ሻምበልማ አክፋይ ነው፤ እህል ከቀመሰ ሁለት ቀን ሆኖታል። ካርታውን ይዞ ዓይኑ ግን ዶሮዬ ላይ ነው።

ቆርኪዬ እያለቀ ሄደ። በመጨረሻ አራት ባለ ልብ ካርታ ገባልኝ። አንዷን ጥዬ ሌላ ሳብኩ፤ ቀይ መጣች። አምስት ልብ! የእኔም ልብ ስድስተኛ ሆና ትዘል ጀመር።

ዘርጋ ግን ምንም አልቀየረም። ካርታ የማይቀይር ሰው እጁ ላይ ነገር እንዳለ ፖከር የነካ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ዶሮው እግሩን ፈትቶ የፍራሹን ስፖንጅ እየቆነጠረ ነበርና እሱን እሱን ሳይ አላስተዋልኩም።

“ዶሮውን አስይዣለሁ” አልኩ።

“ዶሮ ቆርኪ አይደለም” አለ ሻምበል።

“ተወው ሻምበል፣ ሲመካ ያምርበታል” አለ ዘርጋ። “አስካለ ግን ታውቃለች?”

“የቤቱ አባወራ ማነው?”

“እሺ አባወራ። አውርድ።”

አወረድኩ። ዘርጋም አወረደ፤ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ደርድሯቸዋል። አምስት አንድ ዓይነት ተከታታይ ቁጥርን እንደሚበልጥ አውቄ ቆርኪውን ልሰበስብ እጄን ስዘረጋ ሻምበል መነጽሩን ዝቅ አደረገ።

“ይቺኛዋ ዳይመንድ ናት” አለ።

“የቷ?”

“ቄጤማህ የከለላት።”

እውነትም የቄጤማው ጫፍ በዓይኔ ፊት ተንጠልጥሏል። ገለጥ አድርጌ አየሁ። ዳይመንድ ናት። ለካ ቀይ ሁሉ ልብ መስሎኝ ነው።

ዘርጋ ዶሮውን አነሳና በፍራሽ ማሰሪያ ሲባጎ እግሩን ጥፍር አድርጎ አሰረው። እኔ ያን ጊዜ የሚታየኝ እቤት የተጣደው ሽንኩርት ነው። ሁለት ወር የጾመች ሴት እሳት ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች። ኪሴ ውስጥ ዶሮ ቀርቶ እንቁላል የሚገዛ የለም። አመለጠኝ ልበል? ተሰረቅኩ ልበል? ሽበቴን ይዤ ውሸት ስመርጥ ከበሩ ደረስኩ።

“ሰውዬ!” አለ ዘርጋ። “ዶሮህን ረሳህ።”

ዞር ስል ዘርግቶልኛል።

“እኔ አስካለን በዓመት በዓል አላስለቅስም” አለ። “ፈረሰኛው ግን የእኔ ነው። ነገ መጥቼ እበላለሁ።”

ተንኮሉን አያችሁ? ከአሥራ ሁለቱ ብልት መርጦ የአባወራውን ድርሻ ጠየቀኝ።

አስካለ ዶሮውን ተቀብላ ሲባጎውን አየች። “ይሄ የዘርጋ ፍራሽ ማሰሪያ አይደለም?”

“መንገድ ላይ ገመዱ ተበጠሰና...”

ቀና ብላ አየችኝ። ዶሮውን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች።

በማግስቱ ዘርጋ ዘገየ። አስካለ እንደ ወጉ ፈረሰኛውን አውጥታ እፊቴ አስቀመጠች።

“ቆይ፣ ይቆይልኝ” አልኩ።

“ለምን? አሞሃል?”

“አይ፣ እንዲሁ...”

“እኮ ለምን?”

ለምን እንደሆነ ብነግራት ቁማሩ ይወጣል። ብተወው ትጠረጥራለች። ደግሞ ልዋሽ? ሽታውም አለ። በላሁት። አጥንቱን ስግጥ በሩ ተንኳኳና ዘርጋ “እንኳን አደረሳችሁ!” እያለ ገባ። መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ እጄ ላይ ያለውን አጥንት ነው።

አንድ ቃል ቢተነፍስ አለቀልኝ።

“ጋሽ ዘርጋ፣ ምን ላውጣልዎ?” አለችው አስካለ።

“ያገኘሽውን እመቤት” አለ አጠገቤ እየተቀመጠ። “የባልሽ አበላል ብቻ ያጠግባል።”

መላላጫ ሰጠችው። እየበላ በክርኑ ጎኔን ሲጎሽም ዋለ።

ዛሬ ያ ፍራሽ ቤት የለም፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። ሻምበል ከነቆርኪው ሳንሱሲ የሚኖረው ልጁ ቤት ገባ። ዘርጋ ከከተማው ሌላ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የእኔ ጉልበት ደግሞ ሁለተኛው ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ልጆቻችን የሚያመጡልን ዶሮ ተቆራርጦ በላስቲክ የታሸገ ነው፤ ፈረሰኛው የት እንደገባ አስካለም አታገኘውም።

ዘርጋ ግን በየበዓሉ ይደውላል። ዘንድሮም ደወለ።

“ፈረሰኛዬስ?” አለ። “ወለዱ እኮ ሁለት ክንፍ ደረሰ።”

“ስሞት እከፍልሃለሁ” አልኩት።

“አትቸኩል” አለኝ።

እኔም አልቸኮልኩም። አንድ ፈረሰኛ እስካሁን አለብኝ።